ክንዱ እስከደረሰበት

ቨርኒስ የመጋገሪያውን ሳህን በፎጣ ይዛ ከፍ አደረገችና ከሥሩ ስም ፈለገች። አልነበረም። መኮሮኒው ገና ትኩስ ነው፤ ከላዩ ያለው አይብ ዳር ዳሩን ጠቆር ብሎ ተጠብሷል። ከሥሩ ግን እንደሌሎቹ ሳህኖች ስም የተጻፈበት ነጭ ፕላስተር አልተለጠፈም። በዚህ ሰፈር ለቅሶ ቤት ምግብ ይዞ የሚመጣ ሰው ሳህኑ እንዲመለስለት ስሙን ከሥር ይለጥፋል። ያልለጠፈ ወይ ሳህኑን አይፈልገውም፣ ወይ እንዲታወቅ አይፈልግም። ቨርኒስ ሁለቱንም አልወደደችውም። ሳህኑን ወደ ጠረጴዛው ጥግ ገፋችና በሌላ ፎጣ ሸፈነችው።

«ይሄን ማንም እንዳይነካው» አለች።

ሚስ ኦዜላ ከዕቃ ማጠቢያው ዞር ብለው አዩዋት። የቤተ ክርስቲያኑ አስተናጋጆች አለቃ ናቸው፤ ሰኞ ዕለት የቨርኒስ ወንድም፣ የሰፈሩን የሱቅ ማስታወቂያ የሚጽፈው ክሊዮፈስ ከሞተ ጀምሮ ወጥ ቤቱን ተረክበውታል።

«መኮሮኒ ነው እኮ ልጄ።»

«ማን እንዳመጣው አላየሁም።»

«እኔም አላየሁም። ግን አሽትቼዋለሁ። ደህና ሴት ናት የሠራችው።»

ከሳሎን ዝግ ያለ ወሬ ይሰማል። ከቀብር አስፈጻሚው የመጡት ተጣጣፊ ወንበሮች ሞልተዋል። የገባው ሁሉ ክሊዮን ለመጨረሻ ጊዜ የት እንዳየው ይናገራል፦ ፀጉር አስተካካዩ በር ላይ፣ የቤተ ክርስቲያኑ አውቶቡስ አጠገብ ተንበርክኮ የደበዘዘ ፊደል ሲያድስ፣ ደግሞ የዓሣ ጥብስ ወረፋ ላይ። ቨርኒስ የምታዳምጠው ግን ወሬውን ሳይሆን በሩን ነበር። ልጇ ዛሪያ «በረዶ ልገዛ» ብላ የወጣችው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። አሁን ሰባት ሊሆን ነው። ትናንትም እንዲሁ ጠፍታ ውላለች። ስልኳ ይጠራል፣ አይነሳም። ቨርኒስ የማይነሳ ስልክ በጆሮዋ ይዛ ስትቆም ሁልጊዜ የሚታያት አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ መጀመሪያ የተጨፈለቀ መኪና፣ ቀጥሎ የፖሊስ መብራት፣ ቀጥሎ የሆስፒታል ኮሪደር። ቅደም ተከተሉ ተዛብቶ አያውቅም።

ክሊዮፈስ የሞተው የጫማውን ክር እያሰረ ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጎንበስ እንዳለ ልቡ ቆመ። ቨርኒስ አርባ አምስት ዓመት ሙሉ የወንድሟን ሞት ከከፍታ በኩል ስትጠብቅ ኖራ፣ ሞቱ ከአልጋ ጫፍ መጣ። ከሰኞ ወዲህ የቱን በር መጠበቅ እንዳለባት ጠፍቷታል።

ሚስተር ፐርቪስ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ወጥ ቤት የገቡት ይሄኔ ነው። የክሊዮ የዳማ ጓደኛ ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት ሲጫወቱ ማን እንደሚበልጥ ሳይለይላቸው ቀርቷል። ጎረቤት እንዳይሰማቸው ድምፃቸውን ቀነሱ። የሚስ ዶርቲያ ልብስ ማጠቢያ ቤት የጎን ግድግዳ ከታች እስከ ግማሹ ተሞነጫጭሯል አሉ። ፊደል ነው፣ ቁጥር ነው፣ ቀስት ነው፣ ዓይን የመሰለም አለበት። ምኑም ከምኑ አይገጥምም። ሰው ቆሞ ለማንበብ ይሞክራል። አንዱ የወሮበሎች ምልክት ነው ይላል፣ ሌላው የሚመጣ መቅሠፍት ነው ይላል።

«አራት መቶ አሥራ ሰባት የሚል አለበት» አሉ። «ትናንት ሎተሪ ላይ ሞከርኳት።»

«ወጣች?» አሉ ሚስ ኦዜላ፣ እጃቸውን እያደረቁ።

«ሰባት መቶ አሥራ አራት ወጣ። ግድግዳው ገልብጦ ነው የነገረኝ።»

«ግድግዳው አይደለም የገለበጠው፤ መነጽርህ ነው።»

ሚስተር ፐርቪስ አልሳቁም። ኮፍያቸውን አንዴ አዞሩት። ከዚያ ዋናውን ነገር አወጡት። ሚስ ዶርቲያ ተናድደዋል፤ ቅዳሜ የአስከሬኑ መኪና የሚያልፈው በዚያ መንገድ ስለሆነ፣ እንዲያ ተሞነጫጭሮ እንዲታይ አይፈልጉም፤ ዓርብ አሥር ሰዓት ላይ ግራጫ ቀለም የሚቀባ ሰው ቀጥረዋል። አንድ ሰው ደግሞ ፖሊስ ጠርቶ ነበር።

«ግድግዳው ላይ መሰላል ተደግፏል» አሉ በመጨረሻ። «መሰላሉ ላይ ያለችው ልጅ ያንቺ ናት፣ ቨርኒስ።»

ቨርኒስ ከፖሊሱ ይልቅ «መሰላል» የሚለውን ቃል ሰማች። ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። 

*

ዛሪያ በስምንት ሰዓት መጣች። ሁለት ከረጢት በረዶ ታቅፋለች፤ ክርኗ ላይ ሸክላ የመሰለ ቀይ ቀለም ደርቋል። ቨርኒስ በረዶውን ተቀብላ ለሚስ ኦዜላ ሰጠችና ልጇን በክንዷ ይዛ ወደ ክሊዮ ክፍል አስገባቻት። ክፍሉ የቀለም ማቅጠኛ ይሸታል። ብሩሾቹ እሱ እንደተዋቸው፣ ፀጉራቸው በዘይት ተለስልሶ፣ በመጠን በመጠናቸው ተኝተዋል።

«ፖሊስ መጥቶ ነበር አሉ።»

«መጥቶ ሄደ። የሚስ ዶርቲያን ፈቃድ አሳየሁት፣ ፈገግ አልኩ፣ እጄን ኪሴ ውስጥ አልከተትኩም። አንቺ እንዳስተማርሽኝ።»

«ወድቀሽ ብትሞቺስ?»

«አልወደቅኩም፣ እማ።»

«እሱን አይደለም የጠየቅኩሽ።»

ዛሪያ የአጎቷ አልጋ ላይ ተቀመጠች። ቀስ ብላ አስረዳቻት። ሙንጭርጭሩ ሙንጭርጭር አይደለም። ትልቅ ግድግዳ ላይ ሥዕል ከመሣልሽ በፊት እንዳይጠፋብሽ ግድግዳውን በምልክት ትሞዪዋለሽ፤ የመጣልሽን ትጽፊያለሽ። ከዚያ ግድግዳውን በስልክሽ ፎቶ ታነሺና በወረቀት የሠራሽውን ሥዕል ከፎቶው ላይ ታስተኚዋለሽ። አፍንጫው የትኛው ፊደል ላይ እንደሚያርፍ፣ ጣቱ የትኛው ቁጥር ጋ እንደሚያልቅ ይታይሻል። ከታች ያሉትን ምልክቶች ባለፈው ሳምንት የጻፈው ክሊዮ ነው። ከላይ ያሉትን እሷ ትጽፋለች። እሱ ሲሞት ግማሽ ላይ ነበሩ።

«ሥዕሉ በሁለት ቀን አያልቅም» አለች። «ግን እስከ ዓርብ አሥር ሰዓት ድረስ መስመሩን ካወጣሁ፣ ሚስ ዶርቲያ ሰው መሆኑ ይታያቸዋል። ሰው የሆነውን በግራጫ አይደፍኑትም። ካላወጣሁ ይደፍኑታል፣ እሱም አብሮ ይደፈናል።»

«ትምህርትሽስ?»

 ዛሪያ የጥርስ ሐኪም ረዳትነቱን ኮርስ በመጋቢት እንዳቋረጠች ተናገረች። አጎቷ ያውቅ ነበር። እሱ ለእናትሽ ንገሪያት ሲላት፣ እሷ ነገ ስትለው፣ ሰኞ ሆነ።

ቨርኒስ የዚህን ኮርስ ማስታወቂያ ራሷ ናት ቆርጣ ያመጣችው። ተቀምጠሽ የምትሠሪው፣ ጣሪያ ያለው፣ ከላይ የሚወድቅ ነገር የሌለበት ሥራ ብላ ነበር ያሳመነቻት። ልጅቷ ወደ ሌላ በኩል እየሄደች መሆኑን ግን ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ እያየች ሳታይ ኖራለች። ያኔ ዛሪያ በቤተ ክርስቲያን ከሚታደሉት የወረቀት ማራገቢያዎች ጀርባ ላይ የመዘምራኑን ፊት ሣለች። ሚስ ኦዜላ ማራገቢያ አበላሸች ብለው ከሰሷት። ክሊዮ ማራገቢያውን ተቀብሎ ረጅም ጊዜ አየው። ያምራል አላለም። «ይሄ እጅ አይፈራም» አለ። ለቨርኒስ ይሄ እንደ መርዶ ነበር።

በአሥራ አንድ ዓመቷ ክሊዮ የጓሮውን የሲሚንቶ ደረጃ ሰሌዳ አደረገላት። ብሩሹን በውኃ አጥቅሳ ኤስ የምትባለዋን እባብ የምትመስል ፊደል ትጽፋለች፣ የሜምፊስ ፀሐይ ታደርቃታለች፣ እንደገና ትጽፋለች። የዕረፍት ወራቱን ሙሉ ኤስ ብቻ። አንድ ቀን አልቅሳ ብሩሹን ወረወረችው፤ እሱ በአንካሳ እግሩ ሄዶ አነሳውና «አሁን የተናደደች ኤስ ጻፊልኝ» አላት። በአሥራ አምስት ዓመቷ የፀጉር ቤቱን መስኮት ጻፈች። ቨርኒስ ሄዳ አየችና ተደሰተች። መስኮቱ ዝቅ ያለ ነበር፤ ልጅቷ ሁለት እግሯን መሬት ላይ አድርጋ ነው የጻፈችው።

«ከዛሬ ጀምሮ መሰላል ላይ አትወጪም» አለች ቨርኒስ። «አጎትሽ ሳይቀበር ሁለተኛ ሣጥን አልገዛም።»

ዛሪያ ስልኳን አውጥታ ሥዕሉን አሳየቻት። አንድ ሽማግሌ መሬት ላይ ቆሟል፤ ቆብ አድርጓል፣ ክሊዮ ነው። ብሩሽ የያዘው ቀኝ ክንዱ ወደ ላይ ይዘረጋል፣ ከትከሻው ያልፋል፣ ከመስኮት ያልፋል፣ እየረዘመ እየረዘመ ጣሪያው ጋ ይደርሳል። አጠገቡ መሰላል አለ። መሰላሉ ሥር ሁለት ጉንጉን የተሠራች ትንሽ ልጅ አንድ እግሯን የመጀመሪያው እርከን ላይ አድርጋ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቆማለች።

«ይቺ ማናት?» አለች ቨርኒስ፣ ብታውቃትም።

«አንቺ ነሽ። መሰላል እንደሷ የያዘልኝ የለም ይል ነበር።»

ቨርኒስ ስልኩን መለሰችላት። «አትወጪም አልኩ» አለችና እንግዶቹ ጋ ሄደች።

*

ሐሙስ ዛሪያ የእናቷን ቃል ጠብቃ ቤት ዋለች። ነጭ ሸሚዝ ለብሳ ሻይ ቀዳች፣ ኬክ ቆረጠች፣ ለአሮጊቶቹ ትራስ አመጣች። ሁሉም ምን ዓይነት ጨዋ ልጅ ናት አለ። ቨርኒስ በዓይኗ ስትከተላት ዋለች። ልጇ መሬት ላይ ናት፣ ከፊቷ ናት፣ ምንም አትሆንም። ፍርሃቱ ግን እንዳልጠገበ እንግዳ ከወንበሩ አልተነሳም።

ከአርባ አምስት ዓመት በፊት ቨርኒስ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። ክሊዮ አሥራ ዘጠኝ። ከሰፈሩ ሁሉ ከፍ ያለውን ግድግዳ፣ የአሮጌውን ሲኒማ ቤት ግድግዳ እንዲጽፍ ተቀጥሮ ነበር። የእሷ ሥራ መሰላሉን መያዝ ነው። አንድ እግር የመጀመሪያው እርከን ላይ፣ ሁለት እጅ ግራና ቀኝ። ሕጎቹን ያወጣው እሱ ነው። ወደ ላይ አይታይም፣ ቀለም ዓይን ውስጥ ይገባል፤ ፊት ለፊት ያለው ጡብ ነው የሚታየው። አፍም አይዘጋም። «ድምፅሽን ስሰማ መሰላሉ እንዳለ አውቃለሁ» ይላት ነበር። ከመውጣቱ በፊት «ያዝሽኝ?» ይላል። «ያዝኩህ» ካላለች አይወጣም። እሷም የባጥ የቆጡን ስታወራ ትውላለች፤ ስለ አስተማሪዋ፣ ስለ ድመቷ፣ ስለ ሕልሟ። ወሬ ሲያልቅባት የሳምንቱን ቀናት ትቆጥራለች።

በሐምሌ አንድ ቀን የበረዶ ሻጩ መኪና ደወሉን እያቃጨለ ከመንገዱ ማዶ ቆመ። የተፈጨ በረዶ፣ ቀይ ሽሮፕ የፈሰሰበት። በልቧ ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው ብላ ነበር። በረዶውን ተቀብላ ስትዞር ወንድሟ ከጡቡና ከመሰላሉ መሃል በአየር ላይ ነበር። ሲወድቅ አልጮኸም። እሷም አልጮኸችም። ሽሮፑ በጣቶቿ መሃል ወደ አንጓዋ ሲወርድ ቆማ አየችው።

ዳሌው ተሰበረ፣ ግራ እግሩ አጠረ። ክሊዮ ለእናታቸው እርከኑ በስብሶ ነው አላት። አባታቸው መሰላሉን ሄዶ አየ፤ እውነትም አንድ እርከን ተሰብሯል። ጓሮ ወስዶ አቃጠለው። ቨርኒስ ግን እርከኑ ጤነኛ እንደነበር ታውቃለች፤ ጠዋት የረገጠችው እሷው ናት። ወንድሟ መቼ፣ በየትኛው ጉልበቱ እንደሰበረው ጠይቃው አታውቅም። እሱም የት ነበርሽ ብሏት አያውቅም። ሁለቱ አንድ ቤት ውስጥ አረጁ፤ ባሏ ሲሄድ ክሊዮ የጓሮውን ክፍል ያዘ፣ ልጇን አብሯት አሳደገ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ዓሣ ጠበሰላት። ከዚያ ቀን በኋላ የጻፈው ሁሉ ግን ክንዱ ከደረሰበት በላይ ወጥቶ አያውቅም።

*

ዓርብ ረፋድ ላይ ሚስ ዶርቲያ መጡ። ጥቁር ቀሚስ፣ ጥቁር ቦርሳ፣ ባዶ እጅ። ሳሎኑን ሰላም ብለው ወጥ ቤት ሲገቡ ዓይናቸው ጥጉ ላይ ባለው በፎጣ በተሸፈነው ሳህን ላይ አረፈ።

«መኮሮኒዬን አልበላችሁትም» አሉ።

ሚስ ኦዜላ ወደ ጣሪያው አዩ። ቨርኒስ ስም ስላልነበረው ነው ብላ ለማስረዳት ሞከረች። ሚስ ዶርቲያ ስሙን ለመለጠፍ አፍሬ ነው አሉ። የሰውዬውን ግድግዳ ልደፍን ቀጥሬ በሳህን ሥር ስሜን ብጽፍ ምን ትይኛለሽ ብዬ ፈራሁ አሉ። ከዚያ ተቀመጡና ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ።

ክሊዮ ያንን ግድግዳ ሃያ ዓመት ሲለምናቸው ኖሯል። በዚያ እግርህ መውጣት አትችልም፣ ምን ያደርግልሃል ይሉታል። የሚወጣ ሰው እያሳደግኩ ነው ይላቸዋል። ባለፈው ወር መጥቶ አደገች አላቸው። እሳቸውም እሺ አሉ። ግን ደንበኛ ይጠይቃል፣ ጎረቤት ይጠይቃል፣ ፖሊስ መጥቷል፤ ነገ ደግሞ አስከሬኑ ሲያልፍ ያ ሁሉ ሰው ያየዋል።

«እኔ ለክሊዮ ስል ነው» አሉ። «የሱ ቀብር በሙንጭርጭር መሃል እንዲያልፍ አልፈልግም። ትናንት ልጅቷን ጠበቅኳት፣ አልመጣችም። ረቡዕ መሰላሉ ላይ ሳያት ደግሞ ከግማሽ በላይ እግሯ አልወጣ ብሏት ስትንቀጠቀጥ ነበር። የሚይዝላት ሰው የላትም። እኔ ልያዝ ብል ወገቤ የለም።»

ቨርኒስ ዛሪያን ፈለገቻት። ልጅቷ በሩ ላይ የሻይ ማንቆርቆሪያ ይዛ ቆማለች፤ ሰምታለች። ፊቷ ላይ ያለው ነገር ቨርኒስ ከመስታወት የምታውቀው ነገር ነው። ልጄ ትፈራለች ብላ አስባ አታውቅም ነበር። እሷ ብቻዋን ለሁለቱም የምትፈራ ይመስላት ነበር።

«ከስምንተኛው እርከን በላይ እግሬ እምቢ አለኝ» አለች ዛሪያ፣ ቀስ ብላ። «እሱ ከታች ሆኖ ያወራኝ ነበር። አሁን ዝም ሲል መሰላሉ የሌለ ይመስለኛል።»

ሚስ ኦዜላ ማንቆርቆሪያውን ከእጇ ተቀበሏት።  ቨርኒስ ጓዳ ገብታ የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ስትሠራ የምታደርገውን የማያንሸራትት ጫማዋን አወጣች። ክሩን ለማሰር ስትጎነብስ ወንድሟ ትዝ አላትና ተነስታ ቆማ፣ እግሯን ወንበር ላይ አድርጋ አሰረችው።

«ለቅሶ ቤት ጥላ ወጣች እንዳይሉኝ» አለች።

«ይበሉሽ» አሉ ሚስ ኦዜላ። «እኔ እያለሁ ለቅሶው የትም አይሄድም።»

*

መንገዱን ሁሉ የክሊዮ ፊደሎች ተከተሏቸው። ፀጉር አስተካካዩ በር፣ የጎማ ቤቱ መዝጊያ፣ የዓሣ ጥብሱ መስኮት፣ የቤተ ክርስቲያኑ አጥር። ቨርኒስ ሺህ ጊዜ ያለፈችበት መንገድ ነው፤ ዛሬ ግን ከፍታቸውን አየች። ሁሉም እኩል ያልቃሉ። በሰፈሩ ሁሉ ውኃ ሞልቶ፣ ውኃው ሲጎድል ምልክቱን ትቶ የሄደ ይመስላል። ከዚያ በላይ ያለው ጡብ ባዶ ነው።

የልብስ ማጠቢያው ግድግዳ ሥር ስትደርስ እግሯ ቆመ። ግድግዳው ከሰማችው በላይ ረጅም ነው። ምልክቶቹ እስከ ግማሹ ወጥተዋል፤ ከታች የክሊዮ ፊደሎች፣ ከላይ የዛሪያ፣ የእሱ የተረጋጉ፣ የእሷ የሚቸኩሉ። አራት መቶ አሥራ ሰባትም አለች። ሚስተር ፐርቪስ ከመንገዱ ማዶ ኮፍያቸውን አውልቀው እንደ ጥበቃ ቆመዋል። ሰዓቱ ስድስት ሆኗል።

ዛሪያ ሸክላ ቀዩን ቀለም በትንሽ ቆርቆሮ ቀድታ ከወገቧ አንጠለጠለች። ቨርኒስ ያን ጊዜ ካልተናገረች መቼም እንደማትናገር አወቀች።

«ትቼው ሄጄ ነበር» አለች። «በረዶ ልገዛ። እርከኑ አልበሰበሰም። እኔ ነኝ የሌለሁት።»

ዛሪያ ብሩሹን አወረደች። «ነግሮኛል» አለች።

«ምን ብሎ?»

«መንገዱን ስትሻገር አይቻት ነበር አለኝ። ሄዳለች ብዬ መውረድ ነበረብኝ፣ አንድ መስመር ቀርታኝ ነበርና አልወረድኩም አለኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ እሷ ልጅ ናት አለኝ።»

ቨርኒስ ይህን ሰምታ እፎይ ማለት አልቻለችም። ወንድሟ እርከን ሰብሮ የዋሸ ሰው ነው። ይሄም ሁለተኛው እርከን እንደሆነ በምን ታውቃለች? እውነት ከሆነ አርባ አምስት ዓመት ያለ ቦታው የተሸከመችው ነው። ውሸት ከሆነ ደግሞ እስከ መጨረሻው ሲሸፍናት ነው የኖረው። የቱ እንደሚከብድ አላወቀችም። የሚጠየቀው ሰው ቀብር አስፈጻሚው ጋ አዲስ ክራቫት አድርጎ ተኝቷል።

መሰላሉን ነቀነቀችው። እግሮቹን አየች፣ የቆሙበትን ሲሚንቶ በጫማዋ ፈተነች፣ እርከኖቹን አንድ በአንድ በጣቷ መታች። ሁለት ጊዜ እንደዚያ አደረገች። ዛሪያ ጠበቀቻት። ከዚያ ቨርኒስ ግራ እግሯን የመጀመሪያው እርከን ላይ አኖረች፣ ሁለቱን ቋሚዎች ያዘች። እጆቿ የት እንደሚያርፉ ሳትፈልግ አረፉ።

ዛሪያ በእናቷ ክንዶች መሃል ገብታ ወጣች። ጫማዋ የቨርኒስን ግንባር አልፎ ሄደ።

«ያዝሽኝ?»

የአጎቷን ድምፅ አወጣጥ ይዛለች፤ መጨረሻው ላይ ትንሽ ከፍ የምትል።  

«ያዝኩሽ።»

አራት፣ አምስት፣ ስድስት። መሰላሉ በእያንዳንዱ እርምጃ በእጇ ውስጥ ይተነፍሳል። ሰባት። ስምንት ላይ እግሮቹ ቆሙ። ቨርኒስ አላየችም። ከፊቷ ጥጉ የተሸረፈ ጡብ አለ፤ እሱን አየች። ከላይ የልጇ ትንፋሽ ተቆራርጦ ይሰማታል፤ መንቀጥቀጧ በብረቱ ወርዶ መዳፏ ውስጥ ይገባል።

«አውሪ እንጂ፣ እማ» አለች ዛሪያ። ድምፅዋ ቀጥኗል።

ቨርኒስ የምታወራው አጣች። አስተማሪ የላት፣ ድመት የላት፣ ሕልሟ ለልጅ የሚነገር አይደለም። ከሰኞ ጀምሮ በእጇ ያለፈው ሳህን ብቻ ነው።

«ሚስ ኦዜላ ጎመን አመጡ» አለች። «ትልቁ ነጭ ድስት፣ ክዳኑ የተሰነጠቀ። የፓስተሩ ሚስት የሎሚ ኬክ። ሚስተር ፐርቪስ የተጠበሰ ዶሮ፣ ከሱቅ ገዝተው ራሳቸው የጠበሱት አስመስለው በቤታቸው ሳህን አድርገው...»

ከላይ ትንሽ ሳቅ መጣ። ከዚያ አንድ እግር ተነሳ። ዘጠኝ።

«ፀጉር ቤት ያሉት ልጆች የስኳር ድንች ኬክ፣ ሦስት። አንዱ አሯል። የጎማ ቤቱ ሰውዬ የአሳማ እግር፣ በአሉሚኒየም ጠቅልሎ፣ ስሙን በክሊዮ አጻጻፍ ለመጻፍ ሞክሮ አልቻለበትም። ሚስ ዶርቲያ መኮሮኒ፣ ያለ ስም...»

አሥር። አሥራ አንድ። ብሩሹ ጡቡን ሲነካ ሰማችው፤ ደረቅ፣ ረጅም፣ ሳይቆረጥ የሚሄድ ድምፅ። ያን ድምፅ ታውቀዋለች። ሳህኖቹ አልቀው ስለነበር ከመጀመሪያው ጀመረች።

«ሚስ ኦዜላ ጎመን አመጡ። ትልቁ ነጭ ድስት...»

የቀለም ጠብታ ከላይ መጥቶ የቀኝ እጇ ጣቶች ላይ ወደቀ። ቀይ ነው። በጣቶቿ መሃል መንገድ ፈልጎ ቀስ እያለ ወደ ክንዷ ወረደ፣ እጅጌዋ ውስጥ ገባ። ቨርኒስ አየችው። ለመጥረግ አንድ እጅ መልቀቅ ያስፈልጋል። ጣቶቿን በመሰላሉ ላይ አጠበቀችና ዓይኗን ወደ ጡቡ መልሳ፣ ክዳኑ በየት በኩል እንደተሰነጠቀ መናገሯን ቀጠለች።